በአባትህ ስም የተዘጋው ፎልደር

መካነ ሰላም፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለእንዳልካቸው፣ ሻርጃ

ዓይኔ፣ እንደምን ሰነበትክ? ሙቀቱ በረድ አለላችሁ? እኔ ደኅና ነኝ። በቀደም «ድምፅሽ ምን ሆኗል?» ብለህ ስትጨቀጭቀኝ ስልኩ የተዘጋው ኔትወርኩ ተቆራርጦ ነው። ጉንፋን ብጤ ይዞኛል፤ የኅዳርን ብርድ መቼም ታውቀዋለህ።

የዲግሪህ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። አዲሱ መሥሪያ ቤት ወሩ ሳያልቅ ካላየው ቦታውን ለሌላ ሰው ይሰጣል ካልከኝ ወዲህ እህል አልወርድልኝ ብሏል። ዋናው ዲግሪ መንገድ ላይ ከጠፋብህ በኋላ የቀረን አባትህ ስካን አድርጎ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስቀመጠው ብቻ ነው። «አባዬ የይለፍ ቃሉን ይጻፍልሽ፣ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው» አልከኝ። እሺ አልኩህ። ምን ልበልህ ታዲያ?

አባትህ መዝሙር መስሚያ ብሎ በስሜ በከፈተልኝ አካውንት በኩል ገባሁ። ፎልደሩ አለ። ስነካው ግን በእንግሊዝኛ ፈቃድ የለሽም ብሎ የአባትህን የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። የክርስትና ስሙን ጻፍኩ፣ ያንተን ስም ጻፍኩ፣ የተወለደበትን አገር ጻፍኩ። እምቢ። አባትህ ያንን ኮምፒውተር ሰው ሲነካበት አይወድም ነበር፤ አይወድም ማለቴ ነው። ራሱ «ተይ ፈንታዬ» ያለኝ መስሎኝ ክዳኑን ዘጋሁት።

ቢቸግረኝ ነጠላዬን ተከናንቤ፣ ኮምፒውተሩን ይዤ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ወዳላት ወደ ብርሀንነሽ ሄድኩ።

«ኧረ እትዬ! እርስዎ በዚህ ሰሞን ከቤት ይወጣሉ? ቢልኩብኝ አልመጣም ነበር?»

«የልጄ እንጀራ ነው። ዝም ብለሽ ክፈቺልኝ» አልኳት።

ሃርድ ዲስኩን ፈታ አውጥታ ከራሷ ኮምፒውተር ጋር አገናኘችው። ፎልደሩ የማን እንደሆነ የሚያሳየውን ቦታ ስትከፍተው፣ የአባትህ ስም የለም! ረጅም ቁጥር ብቻ ተደርድሯል።

«ስሙ የታለ?» አልኳት ደንግጬ።

«ይሄኛው ኮምፒውተር ጋሽ ኪዳንን አያውቃቸውም፤ በቁጥር ነው የሚያያቸው። አሁን ያንን አንስቼ የእኔን ሳስገባ ይከፈታል።»

«አታንሺው!»

«ታዲያ ምን ላድርግ እትዬ? ኮምፒውተር እኮ ሽማግሌ ተልኮበት እሺ አይልም!»

ሳቄ መጣ። መሳቅ እንደምችል ረስቼ ነበር። ከከፈተችው በኋላ እንደነበረ ልትመልስልኝ አስማልኳት። «አብሽሩ፣ ቁጥሩን ገልብጬ እይዘዋለሁ» አለችኝ።

በመጀመሪያ ላዩ ተከፈተና ውስጡ ያሉት እንደገና ፈቃድ የለም አሉ። ለካ የውስጦቹንም ጨምር የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ረስታለች። ምልክቱን አድርጋ ደገመችው። ያቺ አረንጓዴ መስመር ስትንፏቀቅ እመቤቴን ስለምን ቆየሁ።

ተከፈተ ልጄ! ዲግሪህ፣ የትምህርት ውጤትህ፣ ሁሉም አለ። ወደ ፍላሽ ገለበጠችውና የአባትህን ቁጥር ዓይኔ እያየ ወደ ቦታው መለሰችው። እንዲያ ሲሆን ነው ልቤ ያረፈው።

እዚህ ኢንተርኔቱ ከተቋረጠ ሰንብቷል። ስለዚህ ፍላሹንም ይህንንም ደብዳቤ የጎረቤታችን የሩቂያ ልጅ አሕመዲን ይዞልህ ይመጣል። ፈቃዱን ጨርሶ ነገ ወደዚያው ይመለሳል። በእረፍት ቀንህ ጎሕ ሲቀድ ከባለቤቱ ከኸዲጃ ጋር ይመጡልሃል፤ የአገራችንን ልጆችም ይዘው ነው የሚመጡት። ብዙ ሆነው መምጣታቸው አያስደንግጥህ፤ እኔ ነኝ የላክኋቸው። ፍላሹን ለማየት አትቸኩል፤ እሱ ይደርሳል። ኸዲጃ ቅመስ ያለችህን ቅመስላት። በዚያን ቀን ብቻህን እንዳታድር ለአሕመዲን አደራ ብዬዋለሁ።

ደግሞ ሥራህን ጥለህ ልምጣ እንዳትል። እዚህ መደረግ ያለበት ሁሉ በወጉ ተደርጓል። የቅሬው እድርተኛ አላሳፈረንም፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ድንኳኑን ሞልቶት ነው የሰነበተው።

የወላዲተ አምላክ ጥላ አይለይህ። የሰው አገር ሰው ይውደድህ። አባትህ በተመረቅክ ዕለት የመረቀህ ምርቃት ሁሉ ይድረስልህ።

በስልክ ልነግርህ አልቻልኩም። አፉ በለኝ፣ ልጄ።

እናትህ ፈንታዬ