በበዓለ ሃምሳ የጮኸው የጾም ደወል

ውዴ ጌታሁን፣

ከተለየኸኝ ይኸው ሙት ዓመትህ ሊደርስ ነው። እስከ ዛሬ ብዕር ያላነሣሁት ረስቼህ አይደለም፤ የምነግርህ ወሬ ደህና እስኪሆን እየጠበቅሁ ነበር። ክፉ ወሬ ከሰማህ እንቅልፍ እንደማይወስድህ አውቃለሁ።

ቤታችን እንዳለ ነው። የደጁ መብራት ሲመሽ አሁንም አንተ እንዳዘዝከው ራሱ ይበራል፤ የሰፈሩ ሰውም ሳያይ አያልፍም። የብስኩት ቆርቆሮህ ሽቦውን ተሸክሞ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከምሥራቅ ጀርመን ትምህርትህ ስትመለስ ሌላው ኮትና ጫማ ይዞ ሲመጣ፣ አንተ ጥፍር የምታህል ጥቁር ነገር በጥጥ ጠቅልለህ መጣህ። ማይክሮኮንትሮለር የምትባል ቺፕ ናት፣ ያዘዟትን አትረሳም ብለህ ስታስረዳኝ፣ ለእኔ አንድ ሹራብ አጥተህ ነው ወይ ብዬ ስንት ቀን አኮረፍኩህ!

ቁም ነገር ያገኘችው እናትህን ከአምባ ጊዮርጊስ ስታመጣቸው ነው። እማማ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ጥላ አይተው ሰዓት መለየት ስላልቻሉ፣ በጾም ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እንዳልቀምስ እያሉ እስኪመሽ ይቆዩ ነበር። አንተ ሆስፒታል የሕክምና መሣሪያ ስትጠግን፣ እኔ ማዘጋጃ ቤት ስውል የሚነግራቸው ሰው የለም። ከተጣለ ስልክ ደወል ነቀልክና ከቺፗ ጋር ብስኩት ቆርቆሮው ላይ ገጥመህ ረቡዕና ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት እንድትደውል አዘዝካት። የቀበሌው ሊቀመንበር ይህ ደወል ምንድን ነው ብሎ ሲመጣ፣ የእናቴ የመድኃኒት ሰዓት ነው፣ ጓድ፣ ብለህ ፊትህን ሳትቀይር መለስክለት። እኔ ጓዳ ገብቼ አፌን በነጠላዬ አፍኜ ሳቅሁ።

የመጀመሪያው ፋሲካ ትዝ ይልሃል? ከበዓሉ በኋላ ባለው ረቡዕ ሥጋው ቀርቦ ስንበላ ደወሉ ጮኸ። ጉድ እኮ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ሃምሳውን ቀን ጾም እንደሌለ ለቺፗ መንገር ረስተህ ነበር። እማማ ጉርሻቸውን ሳያስቀምጡ፣ ምነው ልጄ፣ ጀርመን አገር ፋሲካ የለም እንዴ ብለው ሲጠይቁህ ፊትህ ፍም መሰለ። በማግስቱ ማብሪያ ጨመርክለት። ወደ ታች ሲሉት ዝም ይላል፣ መሃል ላይ ረቡዕና ዓርብ፣ ወደ ላይ ደግሞ ለሁዳዴ በየቀኑ። ቅዳሜና እሑድን መለየት ግን ሳትጨርሰው ቀረህ፤ እማማም ሰንበት ሲጮህባቸው ቁርሴን በልቻለሁ በሉት እያሉ ያስቁን ነበር። አቤት፣ ያ ጊዜ እንዴት ናፈቀኝ።

ጥር ላይ አንተ ሄድክ። እናትህም እህል ጠሉ። ብለምን፣ ብቆጣ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ በቅዱሳን ስም ቢለምን፣ እንቢ አሉ። ረቡዕና ዓርብ ደወሉ ሲጮህ ብቻ፣ ልጄ ብዪ አለኝ ብለው ይቀምሳሉ። ሰው በዚህ ይኖራል? ቀሚሳቸው በላያቸው ሰፋ። የአንተ ሐዘን ሳይወጣልኝ እሳቸውንም ልቀብር ነው ብዬ ፈራሁ። አንተንም ተቀየምኩህ፤ ይህን አልደብቅህም።

ሁዳዴ ሲገባ ማብሪያውን ወደ ላይ አደረግሁት። ደወሉ በየቀኑ ጮኸ፤ እሳቸውም በየቀኑ በሉ። ከዚያ ፋሲካ ደረሰ። አንተ ብትኖር ታጠፋው ነበር። ካጠፋሁት እናትህ እህል አይቀምሱም፤ ካላጠፋሁት በበዓለ ሃምሳ ከቤታችን የጾም ደወል ሊሰማ ነው። ተውኩት። ሰፈሩ በትንሣኤ የሚጾሙ አሉ እያለ አማን። የነፍስ አባታችን ሊገሥጹኝ መጡ፤ ነገሩን ነገርኳቸው። ከእማማ አጠገብ ተቀምጠው ደወሉን ጠበቁ፤ ሲጮህም ማዕዱን ባርከው ወጡ።

በሠራተኞች ቀን ከሰልፉ ስመለስ መብራት ጠፍቷል። ምሰሶ ወድቋል፣ ዛሬ አይመጣም ተባለ። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ባትሪ ድንጋይ ቺፗን ሰዓት ያስቆጥራታል እንጂ ደወሉን የመምታት አቅም የለውም። እማማ ጆሯቸውን ወደ ግድግዳው አዘንብለው ይጠብቃሉ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ማንኪያ አንሥቼ፣ የአንተን ለማስመሰል ደወሉን ቶሎ ቶሎ መታሁት። ምግቡን አቀረብኩ፤ አልነኩትም። እጃቸውን ዘርግተው እጄን ሲፈልጉ ማንኪያውን አገኙት። አለቀልኝ አልኩ።

«አንቺስ በልተሻል?» አሉኝ።

አልበላሁም ነበር። እሳቸውን ሳባብል፣ አንተ ከሄድክ ወዲህ እኔን እህል ቅመሺ ያለኝ ሰው አልነበረም። እንባዬ መጣ። እማማ ጠቅልለው ጉንጬን በጣታቸው ፈልገው አጎረሱኝ፤ ከዚያ ራሳቸው ጎረሱ። እስክንጠግብ በላን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚጠብቁት እኔን ነው። ከሥራ ስገባ የጫማዬን ድምፅ ሰምተው ገበታው የታል ይላሉ። ደወሉ ወደ ረቡዕና ዓርቡ ተመልሷል። እናትህ ሸጋ ሆነዋል፤ አሁን እንቅልፍህን ተኛ።

ስምህን ሳናነሣ አንቆርስም። አንድ ቀን እሳቸውም ይከተሉሃል፤ እኔም ለገበታ ብቻዬን እቀርባለሁ። ያን ጊዜም ቢሆን፣ ጌታዬ፣ ስምህን ጠርቼ እበላለሁ።

ያንተው አልማዝ