ከቤቱ ጋር አብራ ናት

ለተከበሩ አባቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ከርመዋል? ወገብዎ ተሻለዎት ወይ? ዓይንዎስ? ደብዳቤውን የሚያነብልዎ ወንድሜ ሙዓዝ ነውና ቀስ ብሎ ያንብብ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ይህን በስልክ ያልነገርኩዎት መስመሩ በአሠሪዬ ስም ስለሆነ ነው። የጓደኛዬ የሰሀር አጎት ይዞልዎ ይመጣል።

የምሠራበት፣ አትላንታ አጠገብ ያለው የስኔልቪሉ ቤት ስድስት አረጋውያን የሚጦሩበት ነው። የመጣሁ ዕለት ፓስፖርቴን ለቤቱ ባለቤት ለወይዘሮ መነን አደራ ብዬ የሰጠሁት እኔው ራሴ ነኝ፤ ማንም አልጠየቀኝም። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው። የማድረው እዚያው ነው፤ ከግቢ የምወጣው ሲፈቀድልኝ ነው። ፓስፖርቱን ስጠይቃቸው፣ የኔ ልጅ የት ልትሄጂበት ነው፣ ከዚህ ከወጣሽ እኮ ወረቀትሽ ይሰረዛል ይሉኛል።

ባለፈው ማክሰኞ ስምዖን የሚባል ሰው ቤቱን ሊገዛ መጣ። አልጋዎቹን አየ፣ ቫኑን አስነስቶ ሞከረ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ልጅቷስ አብራ ናት ወይ አለ። ወይዘሮ መነን ሳቁና፣ ምን ጥያቄ አለው፣ ከቤቱ ጋር አብራ ናት፣ የቤት ልጅ እኮ ናት አሉት።

አባባ፣ ያኔ እርስዎ ትዝ አሉኝ። ባላባቱ መሬቱን ሲሸጥ አዲሱ ጌታ መጀመሪያ በሬዎቹን፣ ቀጥሎ የጭሰኞቹን ክንድ አየ ያሉን። እርስዎም ጭሰኛ ሆነው በሳምንት ሁለት ቀን የባላባቱን ሁዳድ በነጻ ሲያርሱ፣ ለሠርግዎ እንኳ እጅ መንሻ ይዘው ሲያስፈቅዱ የኖሩት። አንድ ጠዋት ሞፈሩን ማሳው ላይ ጥለው ኮምቦልቻ ገቡ። ቀንበሩ ቀረ፣ አንገቴ መጣ ሲሉን እንስቅ ነበር። መንገድ ላይ ፈርተው እንደሆነ ግን ጠይቄዎት አላውቅም።

ሰሀር ያገናኘችኝ ጠበቃ የሰው ፓስፖርት ይዞ ማስቀረት ወንጀል ነው አለችኝ። ቃሏን አምናለሁ፤ እስካሁን ግን ከበሩ አልወጣሁም። ሽያጩ የሚፈረመው አርብ ነው።

ለእማዬ፣ ለሙዓዝና ለባለቤቱ፣ ለትንሿ ነዚፋ፣ ለአክስቴም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። እማዬን አያስደንግጧት።

እስከዚህ የጻፍኩት ስኔልቪል ሆኜ ነው። ትናንት አረጋውያኑን ምሳ አብልቼ፣ ተረኛዋ አስታማሚ ስትገባ በፊት ለፊቱ በር ወጣሁ። አሁን ሰሀር ቤት ነኝ። ደጅ ላይ መኪና በቆመ ቁጥር ከመስኮቱ እሸሻለሁ። ዱዓ ያድርጉልኝ። ፓስፖርቱ ወይዘሮ መነን መሳቢያ ውስጥ ቀረ፤ እኔ ግን መጣሁ።

ልጅዎ ርሕመት

ሊልበርን፣ አትላንታ
አርብ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.