ባልተከፈተው ጓሳ ዳር

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017

ለሞላሌ የወላድ እናቶች ማረፊያ ገንዘብ ልናሰባስብ ዛሬ ተራራ ወጣን። ለጋሾቹ በመኪና ቀድመውን ጫፉ ላይ ይጠብቁናል፤ የሚከፍሉት አብረውን ፎቶ ሲነሡ ነው። ችኩሉ የጉዞው አስተባባሪ ግን መንገዱን ገና ለአጨዳ ባልተከፈተ የጓሳ ሣር መሀል ቀይሶታል። የጓሳው ጠባቂ ጋሽ ደምሴ ዱላቸውን አጋድመው አቆሙን።

«ለቤታችን ክዳን የጠበቅነው ሣር ነው። በገደሉ ዳር ዙሩ።»

«ጋሼ፣ ለበጎ አድራጎት እኮ ነው! ሰዎቹ ይሄዱብናል» አለኝ አስተባባሪው፣ ከጠባቂው ወደ እኔ ዞሮ።

«የድሃ ክዳን ረግጠህ ምን በጎ አለ?» ብዬው በገደሉ ዳር ዞርኩ። ሁሉም እያጉረመረመ ተከተለኝ።

ስንደርስ ለጋሾቹ ሄደዋል። ጥፋቱ የእኔ ሆነ። ይሁን!

ማታ ለለጋሾቹ ደወልኩ፦ ፎቶ ከፈለጉ ነገ ከቅዳሴ በኋላ በእግራቸው ከእኔ ጋር ይውጡ፣ በዚያው በገደሉ ዳር። እናያለን አሉ። ጉልበቴ አብጧል። ቢመጡም ባይመጡም እወጣለሁ።