ማን ማንን ተሸከመ?

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ሙቀቱ ለጉድ ነው። ልብስ አጠብኩ... የምሠራውን ፊልም ጽሑፍም ጨረስኩ። በ69ኙ የሶማሊያ ጦርነት ድሬዳዋ በመድፍ ስትደበደብ፣ አያቴ አባባ ዓለምሰገድ የቆሰለ የሥራ ባልደረባቸውን ጋሽ አብዲራህማንን በጀርባቸው ተሸክመው ከምድር ባቡር ግቢ ያወጡበት ታሪክ። ስሰማው ያደግኩት። አንዲት ውሸት አላስገባም ብያለሁ። የካኪ ልብሳቸው ቁልፍ እንኳ የዘመኑ ነው!

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ጉድ ፈላ።

ከምሳ በኋላ ጋሽ አብዲራህማን ቤት፣ በርጫ ላይ፣ ጽሑፉን አነበብኩላቸው። እሳቸውም አባባም ጫታቸውን ይዘው፣ ትራስ ተደግፈው... መሸከሙ ጋ ስደርስ ጋሽ አብዲራህማን ቀና አሉ።

"ማን ማንን?"

"አባባ እርስዎን።"

"አቦ ተይ! እኔ ነኝ እሱን የተሸከምኩት፤ ወላሂ!"

ለካ እነሱ ቤት ታሪኩ ተገልብጦ ነው የሚወራው! ካሜራዬን የምትይዘው የልጅ ልጃቸው ሐናንም "እኔም እንደዛ ነው የማውቀው" አለች። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው አብረው ሲቅሙ አንድ ቀን አንስተውት አያውቁም?

አባባ ጫታቸውን ጠቅልለው ወጡ። ደህና ዋል እንኳ አላሉም።

አርብ፣ ግንቦት 8

አባባ ብቻቸውን ቃሙ። ግድግዳ እያዩ።

"አብዲራህማን ሞቷል በይ" አሉኝ። በፊልሙ ነው ወይስ...? መጠየቅ ፈራሁ።

ምን ነካኝ? እኔ ነኝ ያጣላኋቸው። አንጀቴን በሉኝ። ፊልሙ ጥንቅር ብሎ ይቅር?

እሁድ፣ ግንቦት 10

መሸከሙን ትተን የውጊያውን ቀረጻ ጀመርን። ጠላት የሚሆን ጠፋ፤ ሁሉም ጀግና ነው። ባጃጅ በጦር ሜዳው መሃል ሰተት ብሎ አለፈ። ከሰዓት ደግሞ የሞተው ወታደር ጉንጩ አብጧል። ኸባብ ነው፣ የሐናን ወንድም።

"ሬሳ ይቅማል እንዴ?"

"በ69 አይቃምም ነበር? ታሪኩ ይጠበቅ ያልሽው አንቺ!"

ሠራዊቱ በሙሉ ለበርጫ ተበተነ። ጠላትም ወገንም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

እማማ ዳሃቦ፣ የጋሽ አብዲራህማን ሚስት፣ ሳቢያን፣ እኛ ቤት ድረስ በባጃጅ መጡ። ሳይቀመጡ ጀመሩ።

"ሰውዬው ቤት ውስጥ ሲንጎራደድ አሳበደኝ። ስሚ፣ ማንም ማንንም አልተሸከመም! ሁለቱም ተዘርረው ነበር። ወተት በማመላልስበት የአህያ ጋሪ ጭኜ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ።"

"ታዲያ እስከዛሬ ለምን ዝም አሉ?"

"በየቤታቸው ጀግና ቢሆኑ እኔ ምን ጎደለብኝ? አሁን ግን ተኳረፉ።"

ሁለቱንም ለየብቻ ጠየቅኩ። አባባ፦ "ጋሪ? የምን ጋሪ?" ጋሽ አብዲራህማን፦ "ጋሪ? የምን ጋሪ?" ቃል በቃል!

ማታ አባባ ስልክ ላይ ሲንሾካሾኩ ሰማኋቸው። "ሰማህ ሴትዮህ ያለችውን?" ከተጣሉ ወዲህ የመጀመሪያቸው። ትራስ ነክሼ ሳቅኩ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

የእማማ ዳሃቦን ታሪክ ልንቀርጽ ነው፤ ሐናን እንደ አያቷ ሽርጥ አገልድማ የአህያ ጋሪውን ልትነዳ ቆመች። ካሜራውን እኔ ያዝኩ። ኸባብና ወንድሜ ይትባረክ እንደቆሰለ ሰው ጋሪው ላይ ተጋደሙ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ቀረጻውን ሊያስቆሙ መጡ። ክንድ ለክንድ ተያይዘው! "ይሄ ታሪክ ማበላሸት ነው" አሉ። "ካዩት በኋላ ይቆጡ" ብዬ ጀመርኩ።

ጋሪው ተንቀሳቀሰ። የልጆቹ እግር ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ዞር ብዬ ሳያቸው ሁለቱም ዓይናቸውን ከእግሮቹ አልነቀሉም። ጋሽ አብዲራህማን የአባባን ክንድ አጥብቀው ይዘዋል።

"አቁሚ!" አሉ አባባ፣ ድንገት።

"ምነው አባባ?"

"አህያዋ ነጭ ነበረች።"

"አቦ ምን ነጭ ትላለህ!" አሉ ጋሽ አብዲራህማን። "ቡላ ናት። ጋሪው ላይ በእሷ በኩል የተኛሁት እኔ ነኝ!"

"ጥቁር ነበረች" አሉ ቀረጻውን ከኋላዬ ሆነው የሚያዩት እማማ ዳሃቦ።

ማን ሰምቷቸው? ሁለቱ እየተጨቃጨቁ ወደ በርጫቸው ሄዱ።