የሠርጋችንን ድንኳን ቦታ የያዘው ያረጀ ጃኩዚ

ቀን፦ ታኅሣሥ 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወረዳችን የጽዳት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ልደታ፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በጌጃ ሰፈር የጋራ ግቢያችን ውስጥ ተጥሎ የሚገኘው የጃኩዚ ገንዳ ከነቆሻሻው እንዲነሳልን ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣

እኔ አቤት ባይዋ ወ/ሮ ኮከቤ ጃርሶ በጌጃ ሰፈር፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለው የጋራ ግቢ በቀበሌ ቤት የምኖር፣ ልጆቼንም እዚያው ወልጄ ያሳደግሁ የወረዳው ነዋሪ ነኝ። ለመንግሥት ቢሮ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ስለሆነ አጻጻፌ ከመስመር ቢወጣ ታግሠው እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። ሴት ልጄ ሲፈን ገመቺስ ጥር 17 ቀን ትዳራለች። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ደስታዬ አላስችል ስላለኝ ነው፤ ግን ደግሞ የአቤቱታዬም ፍሬ ነገር እሱው ነው። ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ላይ ገንዳ ተቀምጦብናል። ገንዳው በስብሷል፣ ይገማል፣ የሚያነሳውም ጠፍቷል።

1. የገንዳው አመጣጥ እንደሚከተለው ነው። በግቢያችን ፊት ለፊት ወደ አስፋልቱ የዞረውን ብሎኬት ቤት አቶ ኃይለመለኮት የተባሉ ሰው ተከራይተው ሳውና፣ ስቲምና ጃኩዚ ቤት ከፍተውበት ነበር። ጃኩዚ ማለት፣ ምናልባት ካልገጠመዎ፣ ሰዎች ሰብሰብ ብለው የሚዘፈዘፉበት፣ በጎንና በሥሩ ባሉት ቀዳዳዎች ትኩስ ውኃ በሞተር እየተገፋ የሚንተከተክበት ሰፊ የፋይበር ገንዳ ነው። ባለፈው ግንቦት ቤቱ ተዘጋ። ገንዳው በአስፋልቱ በኩል ባለው በር አልወጣ ሲል ሠራተኞቹ በእኛ በኩል ያለውን ግድግዳ አፍርሰው ወደ ግቢያችን አወጡት፣ ግድግዳውንም በማግስቱ መልሰው ገነቡት። የግቢያችን በር ደግሞ ከገንዳው ይጠብባል። ስለዚህ የገባበት ተዘግቷል፣ የሚወጣበትም የለውም።

ያን ጊዜ ግን ማንም አልተቆጣም። እንደሚያውቁት ሰፈራችን ውኃ በፈረቃ ነው፣ ፈረቃውም ሲፈልግ ይመጣል ሲያሻው ይቀራል። አቶ ኃይለመለኮት ሰብስበውን “ውኃ በሚጠፋበት ጊዜ ማጠራቀሚያ ይሁናችሁ፣ ከእኔ ስጦታ ነው” ሲሉን ደስታችን ወሰን አጣ። የግቢው ሽማግሌና የእድራችን ዳኛ አቶ ሰላሁን ተነሥተው፣ እጃቸውን ዘርግተው “በሄድክበት ሁሉ ይቅናህ፣ የጀመርከው ይፈጸምልህ” ብለው መረቋቸው። እኛም ግልብጥ ብለን ወጥተን አሜን አልን። ይህ ምርቃት ወደ ኋላ ጣጣ ያመጣብን ስለሆነ እንዲያስታውሱልኝ ይሁን።

2. የገንዳው ጎን ለካ ወንፊት ነው። ውኃ የሚንተከተክባቸው ቀዳዳዎች በሙሉ ያፈሳሉ። የግቢው ሴቶች ተሰብስበን ጨርቅና ፌስታል ወተፍንባቸው፣ በላዩ ሻማ አቅልጠን አፈሰስንበት፣ ያዘልንም። ውኃ በመጣ ቀን ሞላነው፣ ለምግብ ባይሆንም ልብስ አጠብንበት። ሰንበትበት ብሎ አንዱ ውታፍ ተፈንቅሎ ሲወጣ ከኋላው የሰው ፀጉር ተጠቅልሎ ተከተለ። ጥቁር አለበት፣ ቀይ ቀለም የተቀባ አለበት፣ ሽበትም አለበት። ተጣብቆ፣ ሳሙና በሚመስል ዝልግልግ ነገር ተለውሶ። የማን ገላ እንደሆነ የማናውቀውን እድፍ ከአንሶላችን ጋር ስናሽ እንደከረምን ያን ጊዜ ገባን። እኔ ያሉኝን አንሶላዎች በሙሉ ቀቀልኳቸው፤ ሲፈን ግን ከቀቀልኩት ላይም አልተኛ አለች።

3. ክረምት ገባ። ክዳን የለውምና ሞላ። ለእንቁጣጣሽ በግ የታረደ ጊዜ፣ ማን እንደሆነ ዛሬም የሚያምን የለም፣ ፈርሱንና አንጀቱን ወስዶ ከተተበት። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም መንገድ ሆነለት። ያገለገለ ዳይፐር፣ የከረመ ወጥ፣ የዶሮ ላባ፣ የማይባለውም ሁሉ እዚያ ነው። አሁን በላዩ አረንጓዴ ቆዳ አውጥቷል፤ ቆዳው ቀን ፀሐይ ሲመታው ያብጥና እንደ ሊጥ ይተነፍሳል። ከሥሩ ትል ይርመሰመሳል። በኅዳር አንዲት አይጥ ሞታ ስትንሳፈፍ ሰነበተች፣ አብጣ አብጣ ድመት አከለች፣ በኋላም የት እንደገባች አላወቅንም። እዚያው እንደሆነች ግን እናውቃለን። ይህን ስጽፍ እንኳ ምራቄ በአፌ እየሞላ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ፣ ቀለል አድርጌ ብጽፈው ግን የሚመጣ ሰው የለም ብዬ ነው።

ጎረቤቴ ወ/ሮ ነፊሳ መስኮቷ ከገንዳው ትይዩ ስለሆነ ከመስከረም ጀምሮ ከፍታው አታውቅም። “ኮከቤ፣ እኔ እኮ የሰማዩን መልክ ረሳሁት” ትለኛለች። በቀልድ ነው የምትለው፤ ትንኙ ግን ቀልድ የለውም።

ቁራሌው እያሉ የሚዞሩትንም ጠርተን ነበር። ሞተሩንና ብረት ብረቱን ፈትተው በደስታ ተሸክመው ሄዱ። ገንዳውን ግን “ይሄ ላስቲክ ነው፣ ምን ይሠራልናል” ብለው ትተውልን ወጡ።

4. አቤት ያልንባቸው ቦታዎች። በመጀመሪያ በየሳምንቱ ቆሻሻ የሚወስዱልንን የማኅበር ልጆች ለመንን። መጡ፣ አፍንጫቸውን ያዙ፣ በእንጨት ነካ አደረጉትና “እትዬ ኮከቤ፣ ይሄ ፈሳሽ ነው፤ እኛ ደረቅ ነን” አሉኝ። የፍሳሽ መምጠጫ መኪና አስመጣን። ሹፌሩ ወርዶ አየና “ይሄ እኮ አንጀትና ጨርቅ ነው፣ ቱቦዬን ይደፍንብኛል፤ ደረቁን አውጡና ጥሩኝ” ብሎ ሞተሩን አስነሣ። ወደ ማኅበሩ ልጆች ተመለስን። “ፈሳሹን አስመጥጡና ጥሩን” አሉን። ደረቁን ስንለምን ፈሳሽ ነው፣ ፈሳሹን ስንለምን ደረቅ ነው። እስካሁን የቀረን ነገር ቢኖር ጋዝ ነው የሚለን ሰው ነው፤ እሱም ከሽታው ተነሥቶ ቢፈርድ አይሳሳትም።

ከዚያ ደንብ አስከባሪዎች መጡ። በገንዳው ጎን ላይ በቀይ ቀለም “ይነሳ” ብለው ጻፉበትና ሄዱ። ማን እንደሚያነሳው አልጻፉም። እኛም ትእዛዝ ነው ብለን የሰፈራችንን በያጅ አቶ ሺፋን ለመንን፤ እሱም መቁረጫ ፍሌክሱን ይዞ፣ አፉን በሻርፕ አስሮ መጣ። ገና ገመዱን ሳይሰካ አንደኛው ደንብ አስከባሪ ደርሶ “ቀለም የተቀባ ንብረት ያለ ባለቤቱ ፊርማ አይነካም፣ ከተነካ ተጠያቂ ናችሁ” አለ። ሺፋ ገመዱን ጠቅልሎ “እትዬ፣ ወረቀት ብቻ ያምጡልኝ፣ በግማሽ ቀን በታትኜ እሰጥዎታለሁ” ብሎኝ ተመለሰ።

5. ስለዚህ ባለቤቱን ፍለጋ አቶ ኃይለመለኮት ዘንድ ደወልኩ። ሰውየው ክፉ አይደሉም፣ ስልክም አልዘጉብኝም። አብነት አካባቢ ሌላ ሥራ ጀምረው እንደቀናቸው በደስታ ነገሩኝ። የፊርማውን ነገር ሳነሣ ግን ድምፃቸው ተለወጠ። “እትዬ ኮከቤ፣ እኔ እኮ ሰጥቼ ተመርቄበታለሁ። ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሬ ሁሉ ተቃንቷል። አሁን መልሼ የእኔ ነው ብዬ ብፈርም ምርቃቱን በገዛ እጄ ማፍረሴ ነው” አሉኝ። ብለምን፣ ብቆጣ፣ አይሆንም።

በግቢው ስብሰባ ጠራን። አንዳንዱ “እንግዲያው አቶ ሰላሁን ምርቃቱን ያንሡባቸው” አለ። አቶ ሰላሁን ብዙ የሚናገሩ ሰው አይደሉም። “ሰው የመረቅሁበትን እጅ ለገንዳ ብዬ አላጥፍም” አሉና ተቀመጡ። ብዙው ሰው አጉረመረመ። እኔ ግን፣ ከሁሉም በላይ ገንዳው የጎዳው እኔን ሆኖ ሳለ፣ ከእሳቸው ጋር ቆምኩ። የተከበሩ ኃላፊ፣ ምክንያቴን ይስሙኝ። ጥር 17 ቀን ልጄን የሚመርቃት ያው እጅ ነው። አባቷ በሕይወት የለም፣ በአባቷ ቦታ ቆመው የሚመርቁት አቶ ሰላሁን ናቸው። ምርቃታቸው አንድ የገማ ገንዳ ስላስቸገረን የሚነሣ ከሆነ ለሲፈን የሚሰጧት ምን ሊሆናት ነው?

በዚህም ምክንያት የግቢው ነዋሪዎች ተስማምተን፣ ገንዳው በስጦታና በምርቃት የተቀበልነው የእኛው የጋራ ንብረት መሆኑን አምነን ፈርመናል። የፊርማው ወረቀት ተያይዟል። ደንብ አስከባሪው የጠየቀው ባለቤት ይኸው ተገኝቷል። እኛ ነን።

6. አሁን ስለ ሠርጉ እንዳወራ ይፍቀዱልኝ። ሙሽራው ኪያ ይባላል፣ የሊፍት ጥገና ባለሙያ ነው፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ሲስቅ ድምፁ ከበር ይሰማል። ሽማግሌዎቹ ከጾሙ በፊት በኅዳር መጡ። ከበሩ እስከ ቤቴ ለመድረስ በገንዳውና በግድግዳው መሀል በጎን መሄድ ግዴታ ነው። እነዚያ የተከበሩ ሰዎች ነጭ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው፣ እየተንፏቀቁ አለፉ። ከነጋ ጀምሮ በረኪና ስረጭ ውዬ ነበር፤ ከሽታው ጋር ተቀላቅሎ ጭራሽ ዓይን የሚያቃጥል ሆነ። የሙሽራው አጎት የጋቢያቸው ጫፍ ገባበት። ወደ ቤት ገብተው እንደ ወጉ ቆመው ልጅቷን ከጠየቁ በኋላ፣ ቀጠሮ ልንሰጣቸው ስንል እኚሁ አጎት “ቀጠሮውን እንኳ እንቀበል ነበር፤ ግን ልጅቷን ቶሎ ከዚህ ብናወጣት ሳይሻል አይቀርም” አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፣ ፊቴ ግን እሳት ሆነ። የጋቢያቸውን ጫፍ ሲሄዱ ከሰውነታቸው አርቀው በሁለት ጣት እንደያዙት ነበር።

“አዳራሽ ተከራዪ” የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ባለቤቴ ገመቺስ ያረፈ ጊዜ የእድራችን ድንኳን የተተከለው እዚያው፣ ዛሬ ገንዳው በተቀመጠበት ቦታ ነው። የድንኳኑ ልክ አንድ ነው፣ ለለቅሶም ለሠርግም ያው ነው፣ መሀለኛው ምሰሶ የሚቆመውም ያው ቦታ ላይ ነው። ዛሬ እናቁም ብንል ምሰሶው የሚገባው ገንዳው መሀል ነው። ሲፈን ያን ጊዜ የትምህርት ቤት ልጅ ነበረች፤ ያንን ምሰሶ በሁለት እጇ አቅፋ፣ የሚያላቅቃት ጠፍቶ፣ ስታለቅስ የዋለችበትን ቦታ እኔ በጨለማም አላጣውም። እዚያው ምሰሶ ሥር ሙሽራ አድርጌ አቆማታለሁ ብዬ ለራሴ የነገርሁት ያን ቀን ነው። ለገመቺስ የተለቀሰው አዳራሽ ውስጥ አይደለም።

የሙስሊም እንግዶቻችንን ምግብ የምትሠራው ወ/ሮ ነፊሳ ናት። ምድጃዋን የምትጥለው ከገንዳው ጎን ነው፣ ሌላ ቦታ የለንም። “እዚህ ሽታ ውስጥ የተሠራ ምግብ ማንም ከከንፈሩ አያደርስም፣ እኔም አልሠራም፣ ልጅሽን ግን እወዳታለሁ” ብላኛለች። አልተቀየምኳትም።

7. ስለሆነም ጽሕፈት ቤቱ የሚከተለውን እንዲፈጽምልን በትሕትና አመለክታለሁ።

ሀ) የደረቁም የፈሳሹም ሰዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት አብረው እንዲላኩልን። ለየብቻ ከመጡ አንዱ በሌላው እያሳበበ እንደሚመለስ አይተነዋል። ሁለቱም ገንዳው አጠገብ ጎን ለጎን ቆመው የማን እንደሆነ እዚያው ይወስኑ፣ እኛ ወንበር እናወጣላቸዋለን።

ለ) ገንዳው ሲጎድል አቶ ሺፋ ቆራርጦ በበሩ እንዲያወጣው የሚፈቅድ፣ ማኅተም ያለበት አንድ ወረቀት እንዲሰጠን። የቀይ ቀለሙ ጽሑፍም ከገንዳው ጋር አብሮ ቢሄድ ማንም አይጠየቅበት።

ሐ) ቁርጥራጩ የሚራገፍበት ሕጋዊ ቦታ እንዲነገረን። ከግቢያችን ሰዎች “ከተቆረጠ በኋላ ወንዝ ዳር ጥሎ መምጣት ነው” ያሉ አሉ። እኔ እንቢ ብያለሁ። ከእኔ ደጅ ተነሥቶ የሌላዋን እናት ደጅ እንዲያገማ አልፈልግም፤ እሷም የምትድረው ልጅ ይኖራት ይሆናል።

ጊዜውም ቢሆን እንዲታሰብልን። ገና ደርሷል፣ በግ ይታረዳል፣ የአንጀት መጣያ የሚፈልግም አይጠፋም። ዘብ እቆማለሁ ብያለሁ፣ ግን እኔም የሠርግ ቤት ሴት ነኝ፣ ሥራ አለብኝ።

በመጨረሻም የሠርጉ ጥሪ ወረቀት ከዚህ አቤቱታ ጋር ተያይዟል። መማለጃ እንዳይመስልብኝ፣ ለግቢውና ለሰፈሩ ሁሉ የታደለ አንድ ዓይነት ወረቀት ነው። ቢመጡልን ወንበርዎን ያሰብነው ከመሀለኛው ምሰሶ አጠገብ፣ ሙሽራዋ በምትመረቅበት በኩል ነው። ያ ቦታ ዛሬ ምን እንደሚመስል ከላይ ጽፌልዎታለሁ፤ ጥር 17 ቀን ምን እንደሚመስል በእርስዎ ፊርማ ይወሰናል።

ከአክብሮት ሰላምታና ከሠርግ ጥሪ ጋር

(ፊርማ)
ወ/ሮ ኮከቤ ጃርሶ
የሙሽራዋ እናት

ግልባጭ፦
ለእድራችን ዳኛ ለአቶ ሰላሁን
ለአቶ ኃይለመለኮት፣ አብነት (ምርቃታቸው እንዳልተነሣ እንዲያውቁት፣ ከጥሪ ወረቀት ጋር)