ከአራት መቶ አንድ መቶ አስራ ዘጠኝ

ዌልበርን፣ ኦክቶበር 9 ቀን 1999

ለምወድሽ እትዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? እናንተ ከተማ አክረን ብርዱ ቀድሞ ይገባል ብለሽኝ ነበርና እባክሽ ካልሲ ደርበሽ ተኚ። እኔ አለሁ፤ መኖር ይሉት ይህ ከሆነ።

በስልክ ‹‹ጡረታ ወጥተሽ ምን ትሠሪያለሽ?›› ስትይኝ የሸፋፈንኩትን ዛሬ ልንገርሽ። የከተማው ሙዚየም የዌልበርን በቅሎዎችን ታሪክ እንድጽፍ ጠይቆኝ ነው። ስማቸውን መስማት እንደማትወጂ አውቃለሁ። ሁለት በጋ ብቻ የተጫወተ የቤዝቦል ቡድን፣ ያውም የሊጉ ጭራ! ሜዳው ዛሬ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። የሙዚየሟ ወይዘሮ ኦፓል ግን ‹‹የጨዋታው መዝጋቢ አባትሽ አልነበሩ? ታዲያ ካንቺ ሌላ ማን ይጻፈው!›› ብላ ድርቅ አለችብኝ። እምቢ ማለት ሲገባኝ እሺ አልኩ።

መጀመሪያ የሄድኩት ኤልሞ ጋ ነው፤ ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚይዘው። አረጋውያን ቤት ነው ያለው። ገና ሲያየኝ ‹‹ምነው፣ መሞቴን ልታረጋግጪ መጣሽ?›› ብሎ አሳቀኝ። ከዚያ ስለ ቨርሊን አነሳ። እትዬ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ቨርሊን ከሞተ አስራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ሚስትም አላገባም። ያን ጊዜ ከዚህ ሊሄድ አውቶቡስ ሲሳፈር ‹‹ባዶ እጄን አልወስዳትም›› እያለ አልቅሷል አለኝ። ንቆሽ አልነበረም የሄደው።

ከተማው ተጫዋቾቹን ለማሳደር በየቤቱ ሲከፋፈል እኛ ቤት ከቨርሊን ሌላ ሰው ቢደርሰን ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። ‹‹ከአስር ሙከራ ሦስቱ ከሰመረልኝ ትልቅ ቡድን ይወስደኛል፤ እኔም አንቺን›› ሲልሽ ሳህን እያጠብኩ ሰምቻለሁ። እማማ ከሞተች ሦስተኛ ዓመታችን ነበር። ፀጉሬን የምትሠሪኝ፣ ሲያመኝ አጠገቤ የምታድሪው አንቺ ነበርሽ። አስራ ሦስት ዓመቴ ነበር።

የመጨረሻውን እሁድ መቼም አትረሺውም። ቨርሊን ከሦስት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ሙከራ አንድ መቶ አስራ ዘጠኙ ሰምሮለት፣ በአራት መቶኛው ከአስር ሦስቱን የምትሞላለት አንዲት ምት ቀረችው። መታ፤ ኳሱም የተከላካዩን ጓንት ገጭቶ አለፈ። ለመቺው ‹‹ምት›› ይያዝለት ወይስ የተከላካዩ ‹‹ስህተት›› ይባል፣ የሚፈርደው አባባ ብቻ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ጋዜጣው ‹‹ስህተት›› ብሎ ወጣ። ቨርሊን በዚያው ቀን ሄደ። አንቺም በጥቅምት ሄድሽ፤ ለአባባ ቀብር እንኳ አልመጣሽም። ከተማው ሁሉ ‹‹ያ ደረቅ ሽማግሌ የገዛ ልጁን ዕድል ዘጋ›› ሲል ኖረ፤ እኔም ዝም አልኩ።

የአባባን የመዝገብ ደብተር ከሳጥኑ አወጣሁት። በዚያ ቡጭርጭሩ ከቨርሊን ስም አጠገብ ‹‹ምት›› ይላል እትዬ። ስርዝ የለው፣ ድልዝ የለው። ወደ ሊጉ የተላከውን ወረቀት ደግሞ ኦፓል አስመጣችው፤ እሱ ‹‹ስህተት›› ይላል። የአባባ ጣቶች ማዕድን ማውጫው ውስጥ ከተቀጠቀጡ ወዲህ ጽሑፉ ስለማይነበብ፣ እሁድ እሁድ ማዕድ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ በንጹህ ይገለበጥ ነበር። የማን እጅ እንደሆነ አልነግርሽም። ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽ።

ደብተሩን ላቃጥለው ምድጃው አፍ ላይ ሁለት ጊዜ ደርሼ ተመልሻለሁ። ትናንት ለኦፓል ሰጠኋትና ‹‹ሁለቱንም ጎን ለጎን ስቀያቸው›› አልኳት። ‹‹ሰው ቢጠይቅስ?›› አለችኝ። ይጠይቅ አልኳት። የሚመጣው ቅዳሜ ይከፈታል፤ አንቺ ከሰው አፍ እንዳትሰሚ ብዬ ነው ዛሬ የምጽፍልሽ።

ያን ማክሰኞ አባባን ‹‹ምን አደረግኩህ?›› እያልሽ ስትጮሂበት በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ጋዜጣው በእጁ ነው። አንቺን ቀና ብሎ አላየሽም፤ እኔን ነበር ያየው፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ ‹‹እኔ ነኝ የጻፍኩት›› አለሽ። እስኪሞት አንድ ቀን አንስቶብኝ አያውቅም።

መልስ ስጪኝ አልልም። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ መጥተሽ አባባ መቃብር ጋ ሂጂለት። ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ እኔ የወሰድኩብሽን ሰላም እሱ ይመልስልሽ።

ያሳደግሽኝ ታናሽሽ