የወይዘሮ ኔትወርክየለሽ ሣር

ጥር 20
ስነሣ ትራሴ እርጥብ ነው። ካፊያ፣ በጥር! የእትዬ ተሾመች የሣር ክዳን ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል። እሳቸው በወዲያ በኩል፣ እኔ ተከራይዋ በወዲህ በኩል፣ እኩል እንረጥባለን። ጓሳ፣ የጋራ የሣር ሜዳችን፣ ዘንድሮ ይከፈታል፣ ያኔ አጭደን እንከድናለን ይላሉ። ከተዘጋ ስንት ዓመቱ...

ቢሮ ገባሁ። የሣር ተጠቃሚዎች ማኅበር ሊቀመንበራችን አቶ አባይነህ ከሥልጠና ተመልሰዋል። መፍራት የነበረብኝ የሄዱ ዕለት ነው። "እየሩስ፣ ባንኮች የሚሠሩበትን ሲስተም በነፃ አመጣሁላችሁ!" ዋናው ማሽን አዲስ አበባ ኩባንያው ጋ ነው አሉ፣ አንድ ክፍል የሚሞላ። ማን የት እንደሚያጭድ ተራ ሊያወጣ። ለሣር!

ጥር 22
ውሉን አነበብኩ። ከእኔ ሌላ የሚያነበው የለም። "በነፃ" ያሉት ለሁለት ወር ሙከራ ነው። ጊዜው ሲያልቅ የገባው ሁሉ ይጠፋል። የእውነተኛ ሰው ስም ማስገባት ክልክል፤ ከተገኘ ወዲያው ይዘጋል።

የኩባንያው ሰው ይሥሐቅ ጋ ደወልኩ። "ታዲያ ምን ላስገባ?"
"የፈጠራ ስም።"
"ለምን?"
ሳቀ። "እውነተኛውን ካስገባችሁ ሥራችሁን በነፃ ጨርሳችሁ ትሄዳላችኋ። ማን ይገዛናል?"
ቢያንስ አይዋሽም። ለአቶ አባይነህ ነገርኳቸው። "እሺ፣ እሺ" አሉ፣ ስልካቸውን እያዩ።

ጥር 29
ሰው ስፈጥር ዋልኩ። እግዜርም በስድስተኛው ቀን እንዲህ ሰልችቶት ነበር? ጠዋት በደንብ ጀመርኩ፣ ከሰዓት በኋላ አበድኩ። ሻምበል መብራት ጠፋ። አቶ ነገ ተመለሱ። ወይዘሮ ኔትወርክየለሽ ይቆይልን... ለእሷ ሣሩ ረጅም የሆነበትን ቦታ ሰጠኋት፣ አሳዘነችኝ። ቁጥራቸውን ከእውነተኞቹ አባወራዎች ጋር እኩል አደረግኩ።

እትዬ ተሾመች "ስሜ ገባ ወይ ልጄ?" አሉኝ።
"የእርስዎ የወረቀቱ መዝገብ ላይ ነው፣ አይስጉ።"
ወረቀቱ እኮ አለ። ምን ችግር አለው?

የካቲት 17
ጉድ! አቶ አባይነህ የሙከራውን ተራ አትመው፣ ማኅተም አሳርፈው፣ ለአባ ኃይለ ኢየሱስ ልከውታል። የጓሳን መከፈት የሚያውጁት፣ ተራውን የሚያነቡት እሳቸው ናቸው። ነገ!

"እነዚህ ሰዎች የሉም እኮ!" አልኩ።
"ሲስተሙ ያወጣው ነው። አንቺ ከባንክ ትበልጫለሽ?"

አባ ደግሞ ማኅተም ያረፈበትን አይሰርዙም። ስሙ ያልተጠራ ማጭድ አያነሳም፤ ሕጉ ከአያቶቻቸው የመጣ ነው። እትዬ ተሾመች ማጭዳቸውን እየሳሉ ነው፣ ድምፁ እዚህ ይሰማኛል። ምን ብዬ ልንገራቸው?

...ነገርኳቸው። አፈርኩ።
"እና እኔ የለሁም?" አሉ። ማጭዳቸውን መሳል ቀጠሉ።

የካቲት 18
ጓሳ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። አገሩ ሁሉ ከነማጭዱ፣ ከነአህያው ወጥቷል። አባ ኃይለ ኢየሱስ መነጽራቸውን አድርገው ጀመሩ።

"ሻምበል መብራት ጠፋ!"
ሰው ሁሉ ዞር ዞር ብሎ ሻምበሉን ፈለገ።
"አቶ ነገ ተመለሱ!"
ከኋላ አንድ ሰው ሳል ጀመረው። አህያ ኋላ ተደበቅሁ... የእውነት።
"ወይዘሮ ኔትወርክየለሽ ይቆይልን!"
"አቤት! አለሁ!"

እትዬ ተሾመች። ማጭዳቸውን ከፍ አድርገው!

አባ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቋቸዋል። "የማን ልጅ ነሽ?"
"የይቆይልን ነኛ! አባቴን ረሷቸው እንዴ?"
አባ መነጽራቸውን ጠረጉ። "አልረሳኋቸውም። ደግ ሰው ነበሩ። እለፊ።"

ከዚያማ ማን ይያዘው! አባ ከመጀመሪያው ጀምረው እንደገና ጠሩ፣ እያንዳንዱ ስም ባለቤት አገኘ። በሻምበል መብራት ጠፋ ሁለት ሰዎች ተጣሉ፤ በዕጣ ተፈታ። የተሸነፈው አቶ ነገ ተመለሱ ሆኖ ገባ። ማንም ባዶ እጁን አልተመለሰም።

ስንወርድ አባ ጠሩኝ። "አንቺ፣ ክርስትና ሳይነሱ ነው ስም ያወጣሽላቸው?" መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ግን ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸውም ሳቁ።

የካቲት 25
አቶ አባይነህ ሪፖርት ጻፉ፦ "ሙከራው መቶ በመቶ ተሳክቷል።" አልዋሹም እኮ።

መጋቢት 22
ሙከራው አለቀ። ስከፍተው ባዶ። አቶ አባይነህ ራሳቸውን ይዘው "ሰው ሁሉ ጠፋ!" ይላሉ። ይሥሐቅ ደውሎ "ትገዛላችሁ?" አለኝ። አባ ኃይለ ኢየሱስን ጠይቅ አልኩት። አባ እንደሆኑ በሚቀጥለው ጊዜ ተራውን በቃሌ ነው የምጠራው ብለዋል።

ከሰዓት በኋላ የበልግ ዝናብ መጣ፣ የምሩን። ሮጬ ቤት ገባሁ፣ ትራሴን ዳሰስኩ። ደረቅ! ቤቱ አዲስ ሣር አዲስ ሣር ይሸታል። እንዴት ደስ እንዳለኝ... ከነእርጥብ ልብሴ ዝም ብዬ ቆምኩ።

ጎረቤት በአጥር በኩል ተጣራች። "ኔትወርክየለሽ! ኧረ ኔትወርክየለሽ!"
"አቤት!" አሉ እትዬ ተሾመች፣ ከወዲያ በኩል።